ወፍራም ጎማ ያለው ሃርድቴል አነዳድ፦ ከአየሩ እስከ ቁልቁለቱ

«ጎማው ይሄን ያህል ወፍራም ሆኖ ለምን እንደ ኳስ ያነጥረኛል?» ይቺ ጥያቄ በየሳምንቱ አትቀርም። አንዳንዱ ደግሞ በተቃራኒው ይመጣል፦ «መሪው ወደፈለገበት ይጎትተኛል፣ ጎማው ከሥሬ የሚሸሽ ይመስለኛል።» ለሁለቱም የምመልሰው አንድ ጥያቄ ነው። ስንት ነፋችሁት? መልሱ አብዛኛውን ጊዜ «በእጄ ጫን ጫን አድርጌ አየሁት፣ ጠንካራ ነው» የሚል ነው። ችግሩ እዚያው ላይ ነው።

ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻ ከማስረዳት አንዴ ጽፌው ልገላገል ብዬ ነው። ሃርድቴል ማለት ከፊት አሞርዛተር ያለው፣ ከኋላ ግን ምንም የሌለው የተራራ ሳይክል ነው። ኋላውን የሚያለሰልሱላችሁ ሁለት ነገሮች ብቻ ናቸው፦ ጎማው ውስጥ ያለው አየርና የራሳችሁ እግር። አየሩ ይጨመቅና መልሶ ይገፋል። የተገፋውን የሚውጠው እግራችሁ ነው። አንዱ ከተበላሸ ሌላው ብቻውን አይችለውም።

ቅደም ተከተሉን አትዝለሉ። አየሩ ሳይስተካከል ስለ ኩርባ መለማመድ ጊዜ ማባከን ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ዝቅተኛ ግፊት በትክክል የሚያነብ መለኪያ። ከ0 እስከ 30 ፒ.ኤስ.አይ. (የአየር ግፊት መለኪያ አሃድ ነው) የሚያሳይ ይበቃል። ከዚህ ዝርዝር አንድ ብቻ ምረጥ ብባል የማነሳው ይሄን ነው።
- በአንድ ምት ብዙ አየር የሚገፋ መንፊያ። ለቀጭን የአስፋልት ጎማ የተሠራው ክንድ ይጨርሳል እንጂ ይሄን ጎማ ቶሎ አይሞላም።
- ለጎማችሁ ስፋት የተሠራ ትርፍ ከመነዳሪ። ጎማችሁ ቱብለስ (ያለ ከመነዳሪ የሚነፋ) ቢሆንም ያዙ።
- ሁለት የፕላስቲክ ጎማ ማውለቂያና የከመነዳሪ መለጠፊያ። ለቱብለስ ደግሞ ቀዳዳ መድፈኛ ፈሳሽና መወተፊያ።
- ባለ ስድስት ማዕዘን ቁልፎች። 6 ሚሊሜትሩ እንዳይቀር፣ ለሌላ ሥራም እንፈልገዋለን።
- ሄልሜት፣ ጣት የሚሸፍን ጓንት፣ የጉልበት መከላከያ።
- ሶሉ ጠፍጣፋ ሆኖ ፔዳል የሚይዝ ጫማ።
- ማስታወሻ መያዣ። ስልክ ይበቃል።

1. ጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን አንብቡ

ጎማው ጎን ላይ «27.5 x 2.8» ወይም «71-584» የሚል ነገር ታገኛላችሁ። በመጀመሪያው አጻጻፍ ሁለተኛው ቁጥር ስፋቱ በኢንች ነው። በሁለተኛው አጻጻፍ ደግሞ 71 ስፋቱ በሚሊሜትር፣ 584 ጎማው ቸርኬው ላይ የሚቀመጥበት ክብ ዲያሜትር ነው፣ እሱም በሚሊሜትር። ይሄ 584 ከቸርኬያችሁ ጋር ካልገጠመ ጎማው በጉልበት አይገባም፤ አትታገሉት።

የተለመደ የተራራ ሳይክል ጎማ ከ2.2 እስከ 2.4 ኢንች ነው። ከ2.8 እስከ 3.0 ያለው «ፕላስ» ይባላል። ከ3.8 እስከ 5 ኢንች የሚደርሰው ፋት ባይክ ላይ የሚታሰረው ነው። የእናንተ የትኛው እንደሆነ ሳታውቁ ሰው የነገራችሁን የአየር ቁጥር አትውሰዱ። ለ2.4 የሚሆን ቁጥር 3.0 ላይ ድንጋይ ያደርገዋል።

ለምን? የጎማው ግድግዳ የሚወጠረው በአየሩ ግፊት ብቻ አይደለም፤ በጎማው ውፍረትም ጭምር ነው። በ20 ፒ.ኤስ.አይ. የተነፋ ባለ 3 ኢንች ጎማ ግድግዳው የሚወጠረው በ30 ፒ.ኤስ.አይ. የተነፋ ባለ 2 ኢንች ጎማ ያህል ነው። በጣት ጫን አድርጎ መገመት እዚህ ጋ ነው ጉድ የሚሠራችሁ። ጣታችሁ የሚነግራችሁ ውጥረቱን እንጂ ግፊቱን አይደለም።

ጎኑ ላይ ሌላም ቁጥር አለ፤ ከፍተኛው የግፊት ወሰን። እሱ ወሰን ነው፣ ምክር አይደለም። ቸርኬው ላይም ወሰን ከተጻፈ ከሁለቱ ዝቅተኛውን አክብሩ። የመሽከርከሪያ አቅጣጫ ቀስት ካለም እዩት፤ ተገልብጦ የታሰረ ጎማ ፍሬን ሲያዝና ዳገት ላይ አያያዙ ይቀንሳል።

2. ክፍተቱን ለኩ

ሳይክሉን ገልብጡና ጎማውን አሽከርክሩ። ከዚያ 6 ሚሊሜትሩን ቁልፍ በጎማውና በፍሬሙ መካከል፣ በሁለቱም ጎን፣ ቀስ አድርጋችሁ አሳልፉ። ፎርኩ (የፊት ጎማውን የያዘው ሹካ) ላይም ከላይና ከጎን ድገሙት። ቁልፉ ሳይነካካ ካለፈ ደህና ነው። ከተፋተገ ያ ጎማ ለዚያ ፍሬም ሰፊ ነው።

የቆመ ሳይክል ላይ 3 ሚሊሜትር የሚበቃ ይመስላል። ኩርባ ላይ ግን ቸርኬው በትንሹ ይጎብጣል፣ ጎማውም ወደ ጎን ይገፋል። ጭቃ ሲጨመርበት ደግሞ ያቺ ክፍተት ትሞላለች። ከዚያ በኋላ ጎማው ፍሬሙን እንደ ሞረድ ይፍቀዋል።

ማስጠንቀቂያ፦ ፎርኩ እስከ መጨረሻው ሲሰምጥ ጎማው ሁለቱን የፎርክ እግሮች ከላይ ከሚያገናኘው ድልድይ ጋር ከተጋጨ የፊት ጎማው በአንዴ ይቆማል። እናንተ ግን አትቆሙም። ስለዚህ የፎርኩን አየር አስተንፍሳችሁ፣ እስከ ታች ተጭናችሁ፣ ያቺን ክፍተት በዓይናችሁ እዩ።

3. አየሩን አስተካክሉ

ሙሉ ትጥቃችሁን ለብሳችሁ ከ70 እስከ 80 ኪሎ የምትመዝኑ ከሆነ መነሻው ይሄ ነው። ጎማው ቱብለስ ነው ብለን እንነሳ።

- 2.8 ኢንች፦ ፊት 15፣ ኋላ 17 ፒ.ኤስ.አይ.
- 3.0 ኢንች፦ ፊት 13፣ ኋላ 15
- 4 ኢንችና ከዚያ በላይ፣ ደረቅ መሬት ላይ፦ ፊት 7፣ ኋላ 8

መንፊያችሁ በባር የሚያነብ ከሆነ 1 ባር 14.5 ፒ.ኤስ.አይ. ነው። ከዚህ ክብደት በላይ ለያንዳንዱ 10 ኪሎ አንድ ጨምሩ፤ ከታች ከሆናችሁ አንድ ቀንሱ። በፋት ባይክ ግን ግማሽ ግማሽ እንጂ አንድ ሙሉ አትጨምሩ። ከመነዳሪ ካለበት ሁለት ወይም ሦስት ጨምሩ፣ ምክንያቱም ድንጋይና ቸርኬ ከመነዳሪውን መሐል አድርገው ሲነክሱት ሁለት ጎን ለጎን የሆኑ ቀዳዳዎች ይወጡበታል። እባብ የነደፈው ነው የሚመስለው። ኋላው ሁልጊዜ ከፊቱ ከፍ የሚለው ስትቀመጡ አብዛኛው ክብደታችሁ እዚያ ስለሚያርፍ ነው።

ይሄ መነሻ ብቻ ነው። ትክክለኛውን ቁጥር የሚነግራችሁ መሬቱ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው፦

ሀ. በእግር አምስት ደቂቃ የማይፈጅ አጭር ዙር ምረጡ። አንድ የዛፍ ሥር፣ አንድ ኩርባ፣ ጥቂት ድንጋይ ይኑርበት።

ለ. ከላይ ካለው ቁጥር 3 ጨምራችሁ ንፉ። አንድ ዙር ሂዱ። ሳይክሉ ይነጥራል፣ ትንንሽ ጠጠር ሁሉ እጃችሁ ድረስ ይመጣል። ይሄን ስሜት ያዙት፤ «ብዙ ነው» ማለት ይሄ ነው።

ሐ. ከሁለቱም ጎማ 1 ቀንሱና ያንኑ ዙር በዚያው ፍጥነት ድገሙ። ከዚያም ሌላ 1።

መ. አንድ ቦታ ላይ ጠጠሩ ዝም ይላል። ጎማው ድንጋዩን አቅፎ ያልፋል፣ ኩርባው ላይም ይይዛል። ቁጥሩን ጻፉ። ግን አትቁሙ፣ አሁንም 1 ቀንሱ።

ሠ. ቀጥሎ ከሁለት አንዱን ታገኛላችሁ። ወይ ኩርባ ላይ ጎማው ከቸርኬው ሥር ወደ ጎን ሲታጠፍ ይሰማችኋል፣ ወይ ከኋላ «ቋ!» የሚል የቸርኬ ድምፅ ትሰማላችሁ። ወሰናችሁን አገኛችሁት። 1 ወይም 2 መልሳችሁ ጨምሩና እዚያ ቁሙ።

ፊትና ኋላ ለየብቻ ሊነግሯችሁ ይችላሉ። ፊቱ ከታጠፈ ፊቱን ብቻ፣ ኋላው ከተጋጨ ኋላውን ብቻ ጨምሩ።

ብዙ ሰው «ለ» ላይ መጀመሩን እንደ ሞኝነት ያየዋል። ከታች ተነስቶ መጨመር ግን ቸርኬ ያስከፍላል። እኔ አንዴ ቸኩዬ በ9 ጀምሬ ኋላ ቸርኬዬን አውራ ጣት የምታክል ስርጉድ አድርጌበታለሁ። ያቺ ስርጉድ አሁንም አለች።

ስለ መለኪያው ሁለት ነገር። መንፊያው ላይ ያለው እስከ 160 የሚያነብ ሰዓት በ13 እና በ17 መካከል ያለውን ልዩነት አያሳያችሁም፤ መርፌዋ እዚያ አካባቢ ትተኛለች። ደግሞም ሁልጊዜ አንድ መለኪያ ተጠቀሙ። ትንሽ ቢዋሽ እንኳ ሁሌም በተመሳሳይ መጠን ከዋሸ ችግር የለም። የጓደኛ መለኪያ ተውሳችሁ ያገኛችሁትን ቁጥር በራሳችሁ ከለካችሁት ጋር አታወዳድሩ።

ብርድም ይቀንሰዋል። ሞቅ ባለ ቤት ውስጥ በ15 የነፋችሁት ጎማ የውጭው አየር በ20 ዲግሪ ቢቀዘቅዝ 2 ያህል ይወርዳል። በዚህ ጎማ 2 ብዙ ነው። የምትነዱበት ቦታ ደርሳችሁ፣ ጎማው ትንሽ ከቆየ በኋላ ለኩ።

ማስጠንቀቂያ፦ ከመነዳሪ ያለው ጎማ ግፊቱ በጣም ሲወርድ፣ ፍሬን ስትይዙ ጎማው ቸርኬው ላይ ይንሸራተታል፤ ከመነዳሪውንም ይጎትተዋል። ምልክቱ ቫልቩ ነው። ቀጥ ብሎ የቆመ መሆን አለበት። አንገቱን ካዘመመ አየሩን አውጡ፣ ጎማውን ወደ ቦታው መልሱ፣ ጨምራችሁ ንፉ። ዝም ካላችሁት ቫልቩ ከሥሩ ይበጠሳል፤ የተበጠሰ ቫልቭ ደግሞ አይለጠፍም።

4. ፎርኩን ከጎማው በኋላ አስተካክሉ

ሳይክላችሁ ሃርድቴል ሳይሆን ፊቱም አሞርዛተር የሌለው ከሆነ ይሄን እለፉት።

ካለው፣ ሙሉ ትጥቃችሁን ለብሳችሁ ፔዳል ላይ ቁሙ፤ ሰው ይደግፋችሁ። ፎርኩ እግር ላይ ያለችውን የጎማ ቀለበት (ከሌለ ቀጭን የፕላስቲክ ማሰሪያ እሰሩበት) ወደ ታች አውርዷት። ቀስ ብላችሁ ውረዱና ቀለበቷ የተገፋችበትን ለኩ። ከጠቅላላው የፎርኩ ጉዞ (እስከ መጨረሻው የሚሰምጠው ርዝመት) 20 በመቶ አካባቢ መሆን አለበት። ለ120 ሚሊሜትር ፎርክ 24 ሚሊሜትር ማለት ነው። ከዚያ ካለፈ የፎርኩን አየር ጨምሩ።

ሃርድቴል ላይ ይሄ ከሌሎች ሳይክሎች ይልቅ የሚያስጨንቀው፣ የሚሰምጠው ፊቱ ብቻ ስለሆነ ነው። ኋላው ቦታው ላይ ሆኖ ፊቱ ሲሰምጥ ሳይክሉ አፍንጫውን ይደፋል። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ይብስበታል። የመመለሻ ፍጥነት (ፎርኩ ከሰመጠ በኋላ የሚነሳበት) ማስተካከያ ካለው አንድ ሁለት ጠቅታ አዝግሙት፤ ጎማው ራሱ ስለሚነጥር ፎርኩም አብሮ ቶሎ ከተመለሰ እጃችሁን ይወረውረዋል።

5. አቋቋም

ለኔ የጽሑፉ ግማሽ ይሄ ነው። ጎማው ድንጋዩን ይውጣል፤ ግን የዋጠውን ይተፋል። ኳስ መሬት ላይ ስትለቁ ተመልሶ እንደሚመጣው ማለት ነው። መኪና ላይ ያንን የሚያረጋጋ አሞርዛተር አለ። እዚህ ግን ጉልበታችሁና ቁርጭምጭሚታችሁ ናቸው አሞርዛተሩ።

ሜዳ ላይ፣ ቀስ እያላችሁ ተለማመዱ፦

- ከመቀመጫው ተነሱ። ፔዳሎቹ እኩል ይሁኑ፣ አንዱ ፊት አንዱ ኋላ።
- ተረከዛችሁን ትንሽ ወደ ታች ጣል አድርጉ። ይሄ እግራችሁ ፔዳል ላይ እንዲነከስ ያደርገዋል፤ ካልሆነ ኋላው ሲነጥር ጫማው ተነስቶ ይቀራል።
- ጉልበታችሁን ለቀቅ አድርጉ። የተቆለፈ ጉልበት ካለ አሞርዛተር የለም።
- ከወገባችሁ ታጠፉ፣ መቀመጫችሁን ወደ ኋላ ገፋ አድርጉ፣ ደረታችሁን አውርዱ። ዕቃ ከመሬት ለማንሳት እንደምታጎነብሱት።
- ክርናችሁ ወደ ውጭ ይውጣ። አንድ ጣት ብቻ ፍሬን ላይ።
- ዓይናችሁ ከጎማው ፊት ሳይሆን አሥር ሜትር ርቆ።

ልክ መሆናችሁን የምታውቁት እንዲህ ነው። እየሄዳችሁ መሪው ላይ ያሉ ጣቶቻችሁን ላላ አድርጉ። ወደ ፊት ከወደቃችሁ ክብደታችሁ እጃችሁ ላይ ነበር፤ ሳትነቃነቁ ከቆያችሁ እግራችሁ ላይ ነው። የምንፈልገው ሁለተኛውን ነው። ቁልቁለት ወርደው «እጄ ዛለ» የሚሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ ችግራቸው እጅ አይደለም፤ እግራቸው ሥራ ስለፈታ ነው።

አሁን የእጅ መዳፍ የምታህል ከፍታ ካላት ጠርዝ ላይ ቀስ ብላችሁ ውረዱ። መጀመሪያ ጉልበት ቆልፋችሁ፣ ቀጥሎ ለቃችሁ። ልዩነቱን አንዴ ወገባችሁ ካወቀው ሁለተኛ ማስረዳት አያስፈልግም።

መቀመጫው አዝራር ሲጫኑት የሚወርድ ከሆነ ቁልቁለት ሳትጀምሩ አውርዱት። ካልሆነ ቆም በሉና በእጅ አውርዱ።

6. ዳገት

ወፍራም ጎማ የሚክሳችሁ እዚህ ነው። ሌላው ጎማ በሚፈተልክበት ላላ አፈር ላይ ይሄ ይነክሳል። ግን ከባድ ነው፤ በየጊዜው ማቆምና መልሶ ማፍጠን አቅም ይጨርሳል። ስለዚህ ዳገቱ ሳይጀምር ማርሹን አቅልሉ። መሐል ላይ፣ ሰንሰለቱ በሙሉ ጉልበት ተወጥሮ ሳለ መቀየር ሰንሰለት ይበጥሳል።

ተቀመጡ። ወደ መቀመጫው አፍንጫ ተጠጉ፣ ደረታችሁን ወደ መሪው አውርዱ፣ ክርናችሁን አጥፉ። ወደ ፊት የመጠጋቱ ምክንያት የፊት ጎማው እንዳይነሳ ነው፤ የመቀመጡ ምክንያት ደግሞ ኋላው ክብደት እንዳያጣ። ፔዳሉን እየረገጣችሁ ሳይሆን እያሽከረከራችሁ ሂዱ። እያንዳንዱ ርግጫ ጎማውን እንደ ኳስ ይጨምቀውና ሳይክሉ ዘፈን እንደሰማ ይወዛወዛል። እንዲያ ከሆነባችሁ ማርሻችሁ ከባድ ነው ወይም አየሩ አንሷል።

ሥርና ድንጋይ ያለበት ዳገት ላይ ከመቀመጫው ሁለት ጣት ያህል ብቻ ከፍ በሉ። መነሳት አይደለም፤ ክብደቱን ወደ እግር ማዛወር ነው። ኋላው ከሥራችሁ ይነሳል፣ ጀርባችሁ ግን አይመታም።

7. ፍሬን

ጎማው ስለሚይዝ ሰው ይዘናጋል። በወፍራም ጎማ የሚወድቅ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚወድቀው ከወትሮው ፈጥኖ ነው።

ደረቅ ሜዳ ላይ አንድ ምልክት አስቀምጡ። በሩጫ ፍጥነት መጥታችሁ ምልክቱ ላይ ስትደርሱ ኋላውን ፍሬን ብቻ ያዙ። የቆማችሁበትን ምልክት አድርጉ። ከዚያ ሁለቱንም፣ ፊቱን ቀስ በቀስ እያጠበቃችሁ፣ ተረከዝ ወደ ታች፣ ወገብ ወደ ኋላ። ርቀቱ በግልጽ ያጥራል። ፍሬን ሲያዝ ክብደት ወደ ፊት ይሄዳል፣ መሬት የሚይዘውም ፊቱ ነው። ለዚህ ነው «የፊት ፍሬን አትንካ» የሚለው ምክር ሰውን የሚጎዳው። አትንካ ሳይሆን አትቀማ፤ ድንገት አትጭመቀው።

ፍሬን የሚያዘው ከኩርባው በፊት፣ ሳይክሉ ቀጥ ብሎ ሳለ ነው። ያጋደለ ጎማ ለመዞርም ለመቆምም የሚበቃ አያያዝ የለውም።

ማስጠንቀቂያ፦ ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሳትለቁ አትውረዱ። ያዙ፣ ልቀቁ፣ ያዙ። ዲስኩ በጣም ሲግል ፍሬኑ ይለሰልሳል። የፍሬኑ እጀታ ወደ መሪው መጠጋት ከጀመረ ቁሙና አቀዝቅዙ። ዲስኩን በጣት አትፈትሹ።

8. ኩርባ

ሰውነታችሁን ሳይሆን ሳይክሉን አጋድሉ። የውጭኛው እግር ወደ ታች፤ መላ ክብደታችሁ እሱ ላይ። የውስጠኛው ክንድ ይዘርጋ፣ መሪውን ወደ መሬት ይግፋ። እይታችሁ ኩርባው የሚያልቅበት ላይ። ዓይን ዛፉ ላይ ከቀረ ሳይክሉም ወደ ዛፉ ነው።

ሳይክሉ ሲያጋድል የጎማው የጎን ጥርሶች መሬት ይነክሳሉ። ቀጥ ብላችሁ መሪ ብቻ ብታዞሩ መሐሉ ነው የሚሠራው፣ እሱ ደግሞ ለዚህ አልተሠራም። ወፍራም ጎማ ላይ የምጨምረው አንድ ነገር አለ፦ ክብደቱን በአንዴ አትጣሉት። ቀስ እያላችሁ ተጫኑ። ጎማው መጀመሪያ ትንሽ ይታጠፋል፣ ከዚያ ይይዛል። በነዚያ ሁለት ቅጽበቶች መካከል ደንግጦ መሪ የሚያቃና ሰው ነው ከመንገድ የሚወጣው።

አስፋልት ላይ መሪው ወደ ውስጥ የሚስብ ከሆነ ደግሞ አትደንግጡ። ለስላሳ የፊት ጎማ ጠንካራ መሬት ላይ ስፋቱ ሁሉ ስለሚያርፍ የሚያመጣው ጠባይ ነው። ፊቱን 1 ወይም 2 ጨምሩ፤ አፈር ላይ ስትደርሱ መልሱት።

9. ሥር፣ ድንጋይ፣ ጉድጓድ

መስመር ምረጡ። «ጎማዬ ወፍራም ነው፣ ምን ያመጣል» ብሎ በድንጋይ መሐል መግባት ቸርኬ የሚያስጠፋ ነገር ነው።

ሥርን በተቻለ መጠን ቀጥ ብላችሁ ተሻገሩ፣ በሰያፍ አይሁን። እርጥብ ከሆነ ደግሞ ላዩ ላይ ፍሬንም ፔዳልም ዞር ማለትም የለም። ዝም ብሎ ማለፍ ነው።

ሊደርስ አንድ ሜትር ሲቀር ሁለቱን እግሮች ተጫኑ፤ የፊት ጎማው ሲነካ ክንዳችሁን ለቀቅ አድርጉ። ኋላው ሲደርስ ጉልበታችሁን አጥፉ፣ ሳይክሉ ወደ ሰውነታችሁ ይምጣ። ተጭኖ መልቀቅ ነው ነገሩ። ብዙዎች ፊቱን አሳልፈው «አለፍኩ» ይሉና ይቀመጣሉ። ኋላው ግን ገና አልደረሰም። የሚመታው ቸርኬ ሁሌ የኋላው የሚሆነው ለዚህ ነው።

10. አሸዋና ጭቃ

አሸዋ ላይ አየሩን አውርዱ። በፋት ባይክ ከ4 እስከ 5 ፒ.ኤስ.አይ. ድረስ መውረድ ይቻላል፣ ቀስ ብሎ ለሚሄድ። ጎማው ሲለጠጥ ክብደታችሁ ሰፊ ቦታ ላይ ያርፋል፣ አይሰምጥም። መሪውን ላላ አድርጋችሁ ያዙ፣ ክብደታችሁን ትንሽ ወደ ኋላ፤ ፔዳል አታቁሙ። መሪው ወዲያ ወዲህ ቢል ተዉት። ካቃናችሁት ይሰምጣል። ከአሸዋው ወጥታችሁ ጠንካራ መሬት ላይ በዚያው ግፊት ፈጥናችሁ አትንዱ።

ጭቃ ግን ሌላ ነው። ቀጭን ጎማ ጭቃውን ሰንጥቆ ወደ ጠንካራው መሬት ይወርዳል። ወፍራሙ ላዩ ላይ ይንሳፈፋል፣ ስለዚህ ይንሸራተታል። የሚጣበቅ ጭቃ ከሆነ ውረዱና ግፉት። ጥርሶቹ ከሞሉ ከጎማ ይልቅ የጭቃ ጥቅልል ነው የምትነዱት።

የተለመዱ ስህተቶች

- ፍሬሙ ላይ ያለው ክፍተት ሳይታይ «ትንሽ ሰፋ ያለ» ጎማ መግዛት። ሁለተኛው ተራ ላይ ያለውን ቁልፍ አስታውሱ።
- ፊትና ኋላን እኩል መንፋት።
- ለ2.4 የተሠራ ከመነዳሪ 3.0 ውስጥ መክተት። ለአንድ ቀን ቤት ያደርሳችኋል። ግን ሲለጠጥ ይሳሳል፣ በቀላሉም ይበሳል።
- የቱብለሱን ፈሳሽ መርሳት። ይደርቃል። በየሁለት ሦስት ወሩ ጎማውን አውልቃችሁ ወይም በቫልቩ በኩል ቀጭን እንጨት አስገብታችሁ እዩ። እንጨቱ ደረቅ ከወጣ ሙሉ። ለሰፊ ጎማ ለ2.3 ከሚበቃው የበለጠ መጠን ያስፈልጋል፤ ጠርሙሱ ላይ ለስፋታችሁ የተጻፈውን ተከተሉ።
- መቀመጫ ላይ ቁጭ ብሎ ኮረኮንች መውረድ። ጎማው ያለሰልሰዋል ብላችሁ ከሆነ፣ ወገባችሁ በማግስቱ መልስ ይሰጣችኋል።
- ሁሉን በአንድ ቀን መቀየር። አየር፣ ፎርክ፣ መቀመጫ አንድ ላይ ከነካችሁ የትኛው እንደጠቀማችሁ አታውቁም። በአንድ ጊዜ አንድ።

ከጉዞ በኋላ

ሳይክሉን ከማስቀመጣችሁ በፊት የኋላውን ጎማ አሽከርክሩና ጎኑን እዩት። የተቆረጠ ወይም ክር የወጣበት ቦታ ካለ ወፍራም ጎማ በዝቅተኛ ግፊት ብዙ ስለሚታጠፍ ቁስሉ ቶሎ ይሰፋል። ከዚያ በቸርኬው ጠርዝ ላይ ጣታችሁን ዙሪያውን አስኪዱ። ጓንት አድርጉ፣ የተሸረፈ ብረት ይቆርጣል። አዲስ ጉድጓድ ካገኛችሁ ማስታወሻችሁ ላይ ያለውን የኋላ ቁጥር ሰርዙና በ1 ከፍ አድርጋችሁ ጻፉት።